ሦስት ኪሎ ተኩል ዱቄት እና የእኔ ወገብ

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

እናንተዬ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁና እዚሁ በመካከላችን ይቅር። ዛሬ ጠዋት አዲሱ ክሊኒክ የሄድኩት በአንድ እግሬ ጥቁር፣ በሌላው ሰማያዊ ጫማ አድርጌ ነው።

(ለማን ነው «እናንተዬ» የምለው? ይሄ እኮ የመጽሔቱ ዓምድ አይደለም፣ የገዛ ደብተሬ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለአንባቢ ስጽፍ ኖሬ ለራሴ መጻፍ ጠፋብኝ። በቃ፣ እናንተዬ እንደሆናችሁ ቅሩ።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ወገቤ ከታመመ ሦስት ዓመት ሆነው፤ ሁለቱን ዓመት ጫማዬን የሚያደርግልኝ ባለቤቴ ነው። ሰውዬው ከመሥሪያ ቤቱ ጡረታ በወጣ በማግሥቱ እኔ ላይ ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ። «አትጎንበሺ! ተይው! እኔ አለሁ!» ከቤት እስከ ደጅ ይሄው ነው። ስለዚህ እዚህ ደብተር ላይ ዘበኛዬ እለዋለሁ። ዛሬ ግን ተናድጄ ስለነበር «እኔው አደርጋለሁ» አልኩት። ካልጎነበስኩ የት አያለሁ? በእግሬ እየዳበስኩ ከአልጋው ሥር ያገኘሁትን ሁለት ጫማ ተጫምቼ ወጣሁ።

ያናደደኝ የልጄ ስልክ ነው። በነሐሴ አጋማሽ ትወልዳለች፤ የእሷ የመጀመሪያ ልጅ፣ የእኔም የመጀመሪያ የልጅ ልጅ፣ ሴት ናት ብለዋል። «እማዬ» አለችኝ፣ «የመጀመሪያውን ወር የባሌ እናት መጥታ እኛ ጋ ትሰነብታለች። አንቺ ደግሞ ቁጭ ብለሽ ታጫውችናለሽ።» ቁጭ ብለሽ! ስልኩ ከመዘጋቱ በፊት ደግሞ የዚያችው የአማቷ ድምፅ ከኋላ ተሰማኝ። «እሷን ራሷን ማን ያነሳታል?»

አልተቀየምኩም። ለምን እቀየማለሁ? የልጄ አማት ቀልጣፋ ሴት ናት። በስልሳ ሦስት ዓመቷ አራት ፎቅ በደረጃ ነው የምትወጣው፣ ሊፍት እያለ። ቀልጣፋዋ እንበላትና እንለፈው። አልተቀየምኩም ብያለሁ።

ወደ ክሊኒኩ ልመለስ። ለረጅም ጊዜ ሕመም ብቻ የተከፈተ ነው። እስከ ዛሬ የሄድኩባቸው ሐኪሞች አንዱ አጥንቴን፣ አንዱ ነርቬን ያይና ወደሌላው ይልከኛል። እዚህ አራት ሰዎች አንድ ላይ ነው የሚይዙኝ፤ ዶክተሯ፣ የሰውነት እንቅስቃሴ የሚያሠራው ልጅ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያውና ሁሉንም የምታገናኘው ሲስተር። ዶክተሯ መጀመሪያ ያየችው ጫማዬን ነው። አልሳቀችም።

«ዛሬ ራስዎ ነዎት ያደረጉት?»

«አዎ» አልኩ፣ ተሸማቅቄ።

«ጥሩ ጅምር ነው» ብላ ጻፈችው።

ከዚያ «ጎረቤትዎ መኪና አለው?» አለችኝ።

«አለው። ድመት ባለፈች ቁጥር የማስጠንቀቂያ ደወሉ ይጮኻል።»

«ሌባ የለም፣ ግን ይጮኻል። ጩኸቱ ታዲያ ውሸት ነው?»

«ኧረ ውሸትስ አይደለም፣ እንቅልፍ ይነሳኛል!»

«የእርስዎም ሕመም እንደዚያ ነው። ሕመሙ እውነት ነው። ወገብዎ ላይ የነበረው ጉዳት ግን ከዳነ ቆይቷል፤ የቀረው ደወሉ ነው። እሱን ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን አያስተካክለውም።»

በሦስት ዓመት ውስጥ «ሕመምሽ እውነት ነው» ያለኝ ሐኪም እሷ የመጀመሪያዋ ናት። ዓይኔ ውስጥ የሆነ ነገር ገባ። አቧራ ይሆናል። ክሊኒኩ ግን በጣም ንጹሕ ነው።

ቢጫ ሽፋን ያለው ደብተር ሰጡኝ። በየቀኑ ሕመሜን ከዜሮ እስከ አሥር ቁጥር እሰጠዋለሁ፣ የሠራሁትንም እጽፋለሁ። «ምን መሥራት መቻል ይፈልጋሉ?» አለችኝ በመጨረሻ። «ጠረጴዛዬ ጋ አንድ ሰዓት ቁጭ ብዬ መጻፍ» አልኳት። ጥሩ መልስ ነው። ሌላ ምን እላለሁ?

ሰኔ 6፣ ዓርብ

ቸኩያለሁ። ዓምዱ ነገ ይፈለጋል። የልብስ መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ወረቀቴን ዘርግቼ ቆሜ ነው የምጽፈው። ሕመም፣ ስድስት። ቢጫው ደብተር ላይ አራት አልኩ። ስድስት ነጭናጫ ቁጥር ነው፣ አራት ጨዋ ነው።

ሲስተር ደወለች። ዓርብ ዓርብ ትደውላለች። አርባ ደቂቃ አወራን። እንዴት ያለች ወሬ የምታውቅ ሴት መሰለቻችሁ! ዘመዴ በሆነች።

ሰኔ 10፣ ማክሰኞ

ዛሬ ሦስት ክፍል ገባሁ።

አንደኛው የዶክተሯ። «ክኒኑን እንደተባባልነው ቀነሱ?» «ቀነስኩ» አልኩ። ማለቴ፣ ለመቀነስ አስቤያለሁ። ማሰብም አንድ ነገር ነው።

ሁለተኛው የእንቅስቃሴው ልጅ። ሲራመድ ጫማው ሲጥ ሲጥ ይላል፤ አፉ ላይ ያለው ቃል ሁለት ብቻ ነው፣ «ጎንበስ፣ ቀና!» ስሙን ጎንበስ-ቀና ብዬዋለሁ።

«እናቴ፣ ወገብ እኮ የተሠራው ለመታጠፍ ነው» አለኝ።

«ያንተው ይሆናል!»

«ቤትዎ አምስት አምስት ደቂቃ፣ በቀን ሁለቴ። እሺ?»

«እሺ።» እንዲህ ባለ ተስፋ የሚያይ ልጅ ፊት ማን እምቢ ይላል?

ሦስተኛው የሥነ ልቦና ባለሙያው። ረጅም ሰው ነው፤ አንድ ጥያቄ ይጠይቅና ዝም ይላል። ዝምተኛው ነው ስሙ። እኔ ደግሞ ዝምታ ሲመጣ መቋቋም አልችልም። ስለ መጽሔቱ አዘጋጅ አወራሁለት፣ ፊት ለፊታችን ስላለችው ልብስ ሰፊ አወራሁለት፣ ስለ ጎረቤታችን መኪናና ስለ ድመቷ አወራሁለት። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል «ስለ ሁሉም ነገሩኝ» አለ። «እርስዎስ?»

«እኔማ ደህና ነኝ። የሚያስፈራኝ ነገር የለም።»

ሦስቱንም አስደስቼ ወጣሁ። ደግ ሰዎች ናቸው፣ ምን አድርገውኝ ላሳዝናቸው?

ሰኔ 14፣ ቅዳሜ

ሁለት! ዛሬ ሕመሜ ሁለት ነው! ዘበኛዬ ጸጉሩን ሊስተካከል ሲወጣ የመጻሕፍት መደርደሪያውን አወረድኩ፣ አጸዳሁ፣ መልሼ ደረደርኩ። ገበያ ወርጄ ቅርጫቴን ሞልቼ ተሸክሜ መጣሁ። ስምንት ኪሎ! ዘበኛዬ እንዳያየው ከመጋረጃው ጀርባ ደበቅኩት። ቀልጣፋዋ ብታየኝ ኖሮ!

ሰኔ 15

ዘጠኝ።

ሰኔ 16

ዘጠኝ። ተኝቼ ነው የምጽፈው። ዘበኛዬ ሾርባ በማንኪያ ሰጠኝ። መታጠቢያ ቤት መሄድ አቃተኝ። እሷን ራሷን ማን ያነሳታል? ዘበኛዬ አነሳኝ።

ሰኔ 17፣ ማክሰኞ

ክሊኒክ። ለሦስቱም ደህና ነኝ አልኩ። ተሳሳቅን። መኪና ውስጥ ገብቼ አፍንጫዬን ተናፈጥኩ። ጉንፋን ነው።

ሰኔ 20፣ ዓርብ

ሲስተር ደወለች፣ እኔም እንደ ቧንቧ ተከፈትኩ። ክኒኑን እንዳልቀነስኩ፣ እንቅስቃሴውን በአሥር ቀን አንዴ እንደሠራሁ፣ እሱንም ቴሌቪዥን እያየሁ፣ ስለ ቅርጫቱ፣ ስለ መጋረጃው፣ ሁሉንም። ከአንዲት ነገር በቀር። እሷን ለማንም አልነገርኩም፤ እዚህም አልጽፋትም።

«ይሄ በእኔና በአንቺ መካከል ነው» አልኳት።

«እም» አለች። የብዕር ጭረት የሰማሁ መሰለኝ። የገበያ ዝርዝር እየጻፈች ይሆናል።

ሰኔ 24፣ ማክሰኞ

ከየት ልጀምር? መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ የምወድበት ቀን ነበር፤ እየሳቅኩ ነው የምጽፈው።

ዛሬ ክፍል በክፍል አልገባሁም። ሲስተር ወደ አንድ ሰፊ ክፍል ወሰደችኝ። መሃሉ ላይ እንቁላል የመሰለ ጠረጴዛ አለ፤ አራቱም ዙሪያውን ተቀምጠዋል። ለእኔ ወንበር፣ ለዘበኛዬ ወንበር። ቤተሰብ ይዘሽ ነይ ብለውኝ ነበር። መሃል ላይ አንድ ፋይል፣ አንድ ብቻ።

«እንጀምር» አለች ዶክተሯ። «ክኒኑ በግማሽ ቀንሷል፣ ሕመሙ አራት ነው።»

«እንቅስቃሴ በቀን ሁለቴ» አለ ጎንበስ-ቀና፣ ደስ ብሎት።

«የሚያስፈራ ነገር የለም» አለ ዝምተኛው።

ከዚያ ሦስቱም ወደ ሲስተር ዞሩ። ሲስተር መነጽሯን አደረገችና ማንበብ ጀመረች። «ክኒኑ አልተቀነሰም። እንቅስቃሴ፣ በአሥር ቀን አንድ ጊዜ፣ ቴሌቪዥን እያዩ። ቅዳሜ ስምንት ኪሎ ቅርጫት ተሸክመው ሁለት ቀን ተኝተዋል። ዘበኛው እንዳያይ ቅርጫቱ ከመጋረጃ ጀርባ ተደብቋል።»

«የምን ዘበኛ?» አለ ባለቤቴ።

እናንተዬ! እኔ ከሲስተር ጋር የማወራው ወሬ ሳይሆን ሕክምና መሆኑን ማን ነገረኝ? ለሦስት ሰው ሦስት ዓይነት ነገር ስናገር፣ ሦስቱ አንድ ጠረጴዛ ይኖራቸዋል ብዬ መች አስቤ! ስሙ እኮ በሩ ላይ ተጽፏል፤ «የጋራ ሕክምና» ይላል። የመሰለኝ አንድ ሕንፃ ላይ ናቸው ማለት ነው።

መጀመሪያ የሳቀው ጎንበስ-ቀና ነው፤ ከዚያ ዶክተሯ። «ሁሉም ታካሚያችን እዚህ ጠረጴዛ ጋ አንዴ ይደነግጣል» አለች። «አብረን እንደምንቀመጥ የመጀመሪያ ቀን ነግረንዎት ነበር።» እውነቷን ነው፣ ነግረውኛል። ሰላም ለመባባል የሚቀመጡ መስሎኝ ነው።

ከዚያ ፋይሉን ገለጠችና ያቺኑ ጥያቄ ደገመችልኝ። «ምን መሥራት መቻል ይፈልጋሉ?»

«ጠረጴዛዬ ጋ አንድ ሰዓት…»

«ውሸቷን ነው» አለ ዘበኛዬ።

አርባ ዓመት ሊሞላን ነው ከተጋባን፣ ሰው ፊት ውሸታም ብሎኝ አያውቅም። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መሬት መሬት እያየ ተናገረ። «የልጅ ልጇን ማንሳት ነው የምትፈልገው። ልጃችን ደውላ የዘጋች ቀን፣ ትራስ ታቅፋ ቆማ ለማንሳት ስትሞክር አይቻታለሁ። ሁለቴ ሞከረች። ከዚያ ትራሱን መልሳ አነጠፈችው።»

«አላየኸኝም!»

«ዘበኛ ነኛ» አለ።

ዝምተኛው ወደ እኔ ጠጋ አለ። እንደ ልማዱ ዝም አለ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አልኩ። ከዚያ «ከእጄ ብትወድቅስ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የእኔ ድምፅ ነው።

ማንም «አትወድቅም» አላለኝም። ይሄን ወደድኩላቸው። ዶክተሯ ካላንደሩን ሳበች፣ «ሰባት ሳምንት አለን» አለች፣ አራቱም አንድ ላይ ማውራት ጀመሩ። ክኒኑ በየሳምንቱ በሩብ ይቀነሳል፣ በአንዴ አይደለም። ጎንበስ-ቀና ከግማሽ ኪሎ ዱቄት ያስጀምረኛል፣ እስከ ሦስት ተኩል። «አዲስ የተወለደ ልጅ ከዚያ ብዙ አይርቅም» አለ። ዝምተኛው ፍርሃቱ ሲመጣ የማደርገውን ያስተምረኛል። ሲስተር ትደውላለች። «አሁን መጻፌን ስላወቁ ይዋሹኝ ይሆን?» ብላ ሳቀች።

«እኔስ?» አለ ዘበኛዬ።

«እርስዎ ጡረታ ይውጡ» አለች ዶክተሯ።

«ሁለተኛ ጊዜ?»

ሰኔ 25፣ ረቡዕ

ስድስት። ቢጫው ደብተር ላይም ስድስት።

ብዕሬ ወደቀ። ዘበኛዬ ሊያነሳ ተነሳ፣ መልሶ ተቀመጠ፣ እጁ ላይ ተቀመጠበት። ቀስ ብዬ ጉልበቴን አጥፌ አነሳሁት። ሦስት ደቂቃ ፈጀ። ሁለታችንም አላበን።

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ

አንድ ኪሎ። ጎንበስ-ቀና ሕግ አውጥቶልኛል፤ ጥሩ ቀን ስለሆነ አልጨምርም፣ መጥፎ ቀን ስለሆነ አላቆምም። በቀን ሁለቴ፣ ያው በልክ። እግር ከፈት፣ ጉልበት እጥፍ፣ ዕቃው ደረት ላይ፣ እየተነፈሱ ቀና። ዱቄቱን በፎጣ ጠቅልዬ በዘበኛዬ አሮጌ ከረባት አሰርኩት። «ከረባቴን!» አለ። «ጡረተኛ ከረባት ምን ያደርግለታል?» አልኩት።

የመጀመሪያዋን ሩብ ክኒን ቀንሻለሁ። የምር።

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ

ሁለት ኪሎ። ሕመም አምስት። ዛሬ ጫማዬን ራሴ አሰርኩ፤ ሁለቱም ጥቁር ናቸው። ዶክተሯ ጎንበስ ብላ አይታ በቁም ነገር ጻፈችው።

ልጄ ደወለች። ስለ ዱቄቱ አልነገርኳትም። ባይሆንልኝስ? ቁጭ ብዬ ማጫወቱ አለ።

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

እናንተዬ፣ ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ወሬ በልቼ ኖሬ ዛሬ እኔው ወሬ ሆንኩ!

ፊት ለፊታችን ያለችው ልብስ ሰፊ ለካ ለሳምንት በመስኮቷ ስታየኝ ሰንብታለች። ጠዋትና ማታ በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ታቅፌ ክፍሉ ውስጥ ወዲህ ወዲያ ስል፣ (እዚህ ላይ አንድ ነገር ልመን፣ አንዳንዴ ለዱቄቱ እዘፍንለታለሁ) ታዲያ ሴትዮዋ ምን ታስብ? ጠዋት በሩ ተንኳኳ፣ ስከፍት በእጇ የሰፋችው አውራ ጣት የምታህል ኮፍያ ይዛ ቆማለች።

«እንኳን ደስ አለሽ! ለምን ደበቅሽን? ሕፃኗ ደግሞ እንዴት ያለች ዝምተኛ ናት፣ አንድ ቀን እንኳ ስታለቅስ አልሰማሁም!»

«ዱቄት ናት» አልኳት።

«ስሟ ነው?»

ሰፈራችን ሱቅ የሚሠራው ሰውዬም «እንኳን ደስ ያለሽ» አለኝ፤ የሕንፃው ጽዳት ሠራተኛም። ከሰዓት ልጄ ደወለች። «እማዬ፣ ወለደች አሉኝ። የወለድሽው አንቺ ነሽ ወይስ እኔ ነኝ?»

ሐምሌ 13፣ እሁድ

ልጄ መጣች። ሆዷ ከእሷ ቀድሞ ነው በበሩ የሚገባው። ሶፋው ላይ ተቀመጠችና «አሳዪኝ» አለች።

ዘበኛዬ እጁን ወደኋላ አጣምሮ ጥግ ቆመ። ኤግዚቢሽን የሚጎበኝ ሰው ይመስላል፤ ዝምተኛው ነው እንደዚያ እንዲያደርግ የመከረው። እግሬን ከፈት፣ ጉልበቴን እጥፍ፣ ዱቄቴን ደረቴ ላይ፣ ትንፋሽ፣ ቀና። ሦስት ኪሎ! ኩራቴ አላስቆም ብሎኝ ዞር ስል ከረባቱ ተፈታ፣ ፌስታሉ ተቀደደ፣ ዱቄቱ ልጄ ሆድ ላይ ዝርግፍ አለ። ከአገጯ እስከ ጉልበቷ ነጭ ሆነች።

«እማዬ፣ አታስቂኝ! ልትወጣ ነው!»

ዘበኛዬ መጥረጊያ ሊያመጣ ሮጠ፣ መንገድ ላይ ትዝ አለውና መጥረጊያውን ለእኔ ሰጠኝ። ሦስታችንም እንባችን እስኪመጣ ሳቅን።

ሳቁ ሲያልቅ ልጄ እጄን ያዘች። «ቁጭ ብለሽ ያልኩሽ ቀን…» አለች። «ሞክረሽ እንዳያቅትሽ ብዬ ነው። እንዳትሰበሪ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አለቀስኩ።»

«እኔ ምንም አልመሰለኝም» አልኳት። አየችኝ። የአባቷ ልጅ ናት፣ ውሸቴን ታውቃለች። ስለዚያ ከኋላ ስለሰማሁት ድምፅ ግን አልጠየቅኳትም።

ሐምሌ 22፣ ማክሰኞ

ሰባት። ዝናብ። ክኒን ሩብ ብቻ ቀረ። ሦስት ኪሎ ተኩል አነሳሁ፣ ግን እጄ ተንቀጠቀጠ፣ መልሼ አስቀመጥኩት። ዱቄት ቢወድቅ ይጠረጋል።

ጠረጴዛው ጋ ይሄንኑ ነገርኳቸው። ለአራቱም አንድ ዓይነት ነገር ነው የምናገረው አሁን፣ ጊዜም ይቆጥባል።

ዝምተኛው «ደወሉ ሲጮኽ ምን ያደርጋሉ?» አለኝ።

«መስኮቱን ከፍቼ ድመቷን አያለሁ» አልኩት።

ሳቀ! ዝምተኛው ሳቀ! ጥርሱ ሙሉ ነው። ጎንበስ-ቀና እንኳ ዞሮ አየው።

ሐምሌ 28፣ ሰኞ

ሦስት ኪሎ ተኩል፣ ጠዋት። ሦስት ኪሎ ተኩል፣ ማታ። አልተንቀጠቀጥኩም። ሕመም አምስት። ሁለት ሳምንት ይቀራል።

ነሐሴ 1፣ ሐሙስ

አይቀርም! ሁለት ሳምንት አይቀርም! መጣች!

ትናንት ጎሕ ሲቀድ ተወለደች። ሦስት ኪሎ ከመቶ ግራም፤ ከዱቄቴ በአራት መቶ ግራም ታንሳለች። ጸጉሯ ብዙ ነው፣ ቁጣዋም ብዙ ነው። ልጄ ደህና ናት፣ ደክሟታል፣ ፊቷ ያበራል።

አሁን የሆነውን በሥርዓት ልጻፈው። ሆስፒታሉ ክፍል ስንገባ ቀልጣፋዋ ቀድማን ደርሳለች። መስኮቱ ጋ ቆማ ሕፃኗን ይዛለች። እኔ አልጋው አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ቁጭ ብዬ ላጫውታቸው። ማንም ያዢያት አላለኝም። ጠይቄም አልነበረም። ዱቄት ማንሳትና ይሄ አንድ ነው እንዴ? እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ስለ መንገዱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሊፍቱ አወራሁ። የሚያዳምጠኝ የለም።

ቀልጣፋዋን አየኋት። ፊቷ ወረቀት መስሏል። ላብ ግንባሯ ላይ። አንድ እግሯን ፈጽሞ አላንቀሳቀሰችም፤ ግድግዳውን በትከሻዋ ተደግፋ ነው የቆመችው።

«ያዢልኝ» አለች፣ ቀስ ብላ፣ ለእኔ ብቻ። «ቶሎ ያዢልኝ።»

ዘበኛዬ ግማሽ ተነሣ። አየሁት። እጁን ወደኋላ አጣመረ።

ሄድኩ። እግር ከፈት። ጉልበት እጥፍ። ክንዴን ከሥሯ አስገባሁ፣ ደረቴ ላይ አስጠጋኋት፣ ተነፈስኩ። ወገቤ ውስጥ ደወሉ ጮኸ። ጩህ አልኩት በሆዴ፣ ድመት ናት። ቀና አልኩ።

አልወደቀችም። ሞቃት ናት። ዱቄት አይሞቅም፤ ጎንበስ-ቀና ይሄን አልነገረኝም። አንዴ አዛጋችና አገጬ ላይ ተነፈሰች። ልጄ አልጋው ላይ ሆና እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። ቀልጣፋዋ የእኔ ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ ዓይኗን ጨፈነች።

«ተቀበልሻት?» አለ ዘበኛዬ። ሌላ ቃል አልመጣለትም፣ ከዚያ መሐረቡን ፈለገ።

ነሐሴ 9፣ ዓርብ

እዚህ ደብተር ላይ ስምንት ቀን አልጻፍኩም። ጊዜ የት አለ? ልጄ ቤት ነው የምውለው፤ ዓምዱን ራሱ አዘጋጁ ሁለት ጊዜ ደውሎ ነው የላክሁት።

ጠዋት ሲስተር ደወለች። «ቢጫው ደብተር እንዴት ነው?» አለችኝ። ከፈትኩት። ሐምሌ 29፣ አምስት። ከዚያ በኋላ ባዶ። አንድም ቁጥር የለም፣ አሥር ቀን ሙሉ።

«ምነው፣ ተሻለዎት እንዴ?»

«ኧረ የለም» አልኳት። «ያመኛል። አሁንም እያመመኝ ነው። አምስት ይመስለኛል።»

«ታዲያ ለምን አልጻፉም?»

አሰብኩ። ለሲስተር አልዋሽም፣ ጥቅም የለውም። «ረስቼው ነው» አልኳት።

ስልኩን ከአፏ ሳታርቅ «ረስቻቸዋለሁ አሉ! ቁጥሮቹን ረስቻቸዋለሁ አሉ!» ብላ ስትጮህ ሰማኋት፣ የሲጥ ሲጥ ጫማ ድምፅ ሮጦ መጣ፣ ዶክተሯም «ስንት ቀን?» አለች። አንድ ሰው አጨበጨበ። ዝምተኛው እንደሆነ ልምል እችላለሁ።

ከሰዓት ከቀልጣፋዋ ጋር የልጄ ወጥ ቤት ውስጥ ብቻችንን ሆንን። ሕፃኗን እኔ አቅፌያታለሁ፣ እሷ የሕፃኗን ጡጦ ትቀቅላለች፣ ቁም ሳጥኑን ተደግፋ።

«ጉልበትሽ ነው አይደል?» አልኳት።

ማንኪያውን አስቀመጠች። «ስድስት ዓመቱ» አለች። «ለማንም አልተናገርኩም።»

«ደረጃውስ? አራት ፎቅ?»

«ሊፍት ውስጥ ሰው አለ። ደረጃው ላይ ማንም የለም፤ በየወለሉ ቆሜ እሰቃያለሁ፣ ማንም አያየኝም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ያን ቀን በስልክ ያልኩትን ሰምተሽኛል፣ አይደል? እሷን ማን ያነሳታል ያልኩትን። እኔን ማን ያነሳኛል እያልኩ እኮ ነበር ሌሊቱን የማድረው። አንቺ ግን ባል አለሽ የሚያነሳሽ። ቀናሁብሽ መሰለኝ።»

ሁለት ወር ሙሉ አልተቀየምኩም ስል ከርሜ፣ ቅያሜው ዛሬ ለቀቀኝ። ይኸው ጻፍኩት፤ ተቀይሜ ነበር።

የክሊኒኩን ስልክ ሰጠኋት። ሲስተርን አነጋገርኩላት፣ ማክሰኞ ጠዋት ለሁለታችንም ቦታ አለ። ከእኔ ጋር ትሄዳለች። ዘበኛዬ ይነዳል፤ ሕፃኗንና ልጄንም ይዘን እንመጣለን፣ አራቱ የዱቄቷን ምትክ ሊያዩ ጓጉተዋል።

ልንለያይ ስንል ቀልጣፋዋ በሩ ጋ ያዘችኝ። «ለዶክተሯ ብዙም አያመኝም ነው የምላት» አለች በሹክሹክታ። «ለዚያ ለእንቅስቃሴው ልጅ ደግሞ በየቀኑ እራመዳለሁ እለዋለሁ። ቀላል ነው አይደል? ለየብቻ ነው የሚያናግሩሽ?»

«በመጀመሪያ ለየብቻ ነው» አልኳት።

ስለ ጠረጴዛው አልነገርኳትም። ዓርብ ዓርብ ስለምትደውለው ስለ ሲስተርም «ወሬ የምታውቅ ጥሩ ሴት ናት» ብቻ ነው ያልኳት። እናንተዬ፣ ያ ጠረጴዛ የሚዘረጋበት ቀን እኔም ቤተሰብ ተብዬ ከጎኗ እቀመጣለሁ፣ ፊቷ ላይ የሚያልፈውን አንድ በአንድ አይቼ በዚያው ማታ እዚህ እጽፈዋለሁ፣ ሰውነቴ ምንም ያህል ቢያመኝ።